ምራታችን ሲሞና

ሩሲያኛ የተማርኩት ሩሲያን ወድጄ አይደለም፤ ከውይይት ክበብ ለማምለጥ ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ላልሠራው ላስረዳ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም አዳራሽ እንሰበሰብና ስለ ትርፍ እሴት እንወያያለን። እንወያያለን ስል አንዱ ያነባል፣ የቀረነው እናንቀላፋለን፣ በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል ማለቴ ነው። ታዲያ አንድ ቀን «ሩሲያኛ ለመማር የተመዘገበ ሠራተኛ በትምህርቱ ቀን ከውይይት ክበብ ነፃ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እስከ መጨረሻው ሳላነበው ሄጄ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው ከመገናኛ ከፍ ብሎ፣ የካ ተራራ ሥር ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ለእኔ ደግሞ መንገዴ ላይ ነው፤ ቤቴ እዚያው የካ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አስተማሪያችን ሊዲያ ትባላለች። ባሏ መሐንዲስ ሆኖ ከሶቪየት ኅብረት ሲላክ አብራው የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ፀጥ ያለች ሴት ነበረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «አይሆንም»፣ ከዚያ አያልፍም። የቀረውን በእንግሊዝኛና በእጆቿ ትሞላዋለች። የእኛም እንግሊዝኛ ከእሷ አማርኛ እምብዛም ስለማይሻል በእጅ መግባባቱ ለሁላችንም ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን አንድ መጽሐፍ አሳየችንና ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ «ግዴ ክኒጋ?» አለች። ግዴ ማለት የት፣ ክኒጋ ማለት መጽሐፍ መሆኑ ገባን። አንዱ የክፍል ጓደኛችን ግዴ የተባለው ከግዴታ ጋር የሚዛመድ እንደሆነ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ስለ ግዴታ አስቀድሞ ማጣራት ጥሩ ልማድ ነበር። አይዛመድም ተባለና ተረጋጋን።

ግን አንድ ነገር ጎደለን። «የት መጽሐፍ» ብላ ዝም አለች። እኛ እንጠብቃለን። እሷም እኛን ትጠብቃለች። በመጨረሻ አንዱ «‹ነው›ስ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። የለም አለች። ሩሲያኛ «ነው» የሚል ቃል አይጠቀምም። የት መጽሐፍ፣ የት ቤት፣ የት አባት፤ በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ክፍሉ በጉምጉምታ ተሞላ። እኛ እኮ ያለ «ነው» መተንፈስ አንችልም። ስብሰባ ነው፣ ሰልፍ ነው፣ መዋጮ ነው፣ ዘይት አልቋል ነው። ጨረቃ አጠገብ የደረሰ ሕዝብ «ነው» የለውም ብሎ ማመን ቸገረን። እኔ ግን ደስ አለኝ። አንድ ቃል በቀነሰ ቁጥር የማጠናው ይቀንሳል ብዬ ነው።

ያን ምሽት ወደ ግቢያችን የገባሁት ሩሲያኛ እንደጨረሰ ሰው ነበር። ግቢያችን የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ በአንድ በር የምንገባ፣ በአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ጎረቤታሞች ነን። ውሻውን «ግዴ» አልኩት፣ ባልዲውን «ግዴ» አልኩት፣ የጠፋችውን ዶሮ በሩሲያኛ ፈለግኳት። ይህን ሁሉ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት ጋሼ ጴጥሮስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እየሰፉ ይሰሙኛል።

ጋሼ ጴጥሮስ ልብስ ሰፊ ናቸው። በልጅነታቸው ከከምባታ መጥተው እዚሁ የካ ያረጁ፣ ሚስታቸው ገና በጊዜ የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸውን በስፌት መኪና ያሳደጉ ሰው። ልጁ ስምዖን ይባላል። ከአባቱ ስም ጋር ሲጠራ ስምዖን ጴጥሮስ ሆኖ ይገጥማል፤ ጋሼ ጴጥሮስም ስሙን ሲያወጡለት ይህን ሳያስቡበት አልቀሩም። ስምዖን ጎበዝ ተማሪ ሆነና የሜካኒካል ምህንድስና እንዲማር ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው ይመጣ ነበር። ስለ በረዶው፣ ስለ ድንቹ፣ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ስለመጨመሩ ይጽፋል። ከዚያ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ቀረ። ጋሼ ጴጥሮስ በየቢሮው ዞሩ፤ «ይጠብቁ» አሏቸው። ጠበቁ።

እኔ ዶሮ በሩሲያኛ በፈለግኩ ማግስት ጠሩኝ። እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንሥተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣

«ልጄ፣ ‹ስምዖን የት ነው?› ብሎ በእነሱ ቋንቋ መጠየቅ ትችላለህ?» አሉኝ።

በሩሲያኛ መጠየቅ የምችለው ጥያቄ ይኼ ብቻ ነበር።

«እችላለሁ» አልኩ።

መልሱን ትሰማለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሰው ጥያቄ ሲያምርለት መልሱ በራሱ ጊዜ የሚገባው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ የምናገረው ሲያምርልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስምዖን የሚኖርበትን የተማሪዎች ቤት ስልክ ለክፉ ቀን ብሎ ልኮላቸው ነበር። ስልኩ ያለው በሩ ላይ፣ ጠባቂዋ ዘንድ ነው። ለልምምድ ማታ ማታ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። እኔ «ግዴ ሲሞን?» እላለሁ፤ ሩሲያኖች ስምዖንን ሲሞን እንደሚሉት ልጁ ራሱ ጽፎላቸዋል። ጋሼ ጴጥሮስም ካኪ እየሰፉ «ግዴ ሲሞን፣ ግዴ ሲሞን» እያሉ ይከተሉኛል። መርገጫው ቃሉን ለመደውና ድምፃቸውን ሲያቆሙ እንኳን ስፌት መኪናው ብቻውን የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ጥሪው በተቀጠረልን ቀን ስልክ ቤት ሄድን። ጋሼ ጴጥሮስ ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ በስልክ የሚታዩ ይመስል ክራቫትም አስረዋል። ረጅም ጊዜ ከጠበቅን በኋላ «ሶቪየት ኅብረት» ተብሎ ተጠራና ሁለታችንም አንዲት ጠባብ የስልክ ሳጥን ውስጥ ተጣበቅን። እጀታውን በጆሯችን መሀል ያዝነው። የጆሯቸው ሙቀት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከሩቅ፣ ከነፋስ ውስጥ የመጣ የሚመስል የአሮጊት ድምፅ «አሎ» አለ።

«ግዴ ሲሞን?» አልኩ።

«ክቶ?» አለች። ማን ማለቷ ነው። ይህን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ልቤ ሞላ።

«ሲሞን! ሲሞን ከኢትዮጵያ። ግዴ ሲሞን?»

 ከዚያ «ሲሞና ኔት» አለች።

ኔት ማለት የለም እንደሆነ በአገሩ የማያውቅ የለም። ግን ሲሞና ማናት? እኔ ሲሞናን አልጠየቅኩም።

«ሲሞና አይደለም፣ ሲሞን» አልኩ፤ «አይደለም»ን በአማርኛ።

«ሲሞና ኔት» አለች እንደገና፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ፣ ለስለስ እያለ ሄደ። አሮጊቷ ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ። ከተናገረችው ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ሳልይዝ መሥመሩ ተቆረጠ።

ከስልክ ቤቱ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እኔ አፈርኩ። ጋሼ ጴጥሮስ ግን እያሰቡ ነበር።

«ሲሞና አለች አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ሲሞና የሴት ስም ነው። በጣሊያን ጊዜ የአንድ ሻምበል ሚስት ሲሞና ትባል ነበር።»

«ይመስለኛል።»

«ኔት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሲሞና የለችም ነው ያሉን። እኛ ስለ ስምዖን ስንጠይቅ ስለ ሲሞና ለምን ይነግሩናል? አንድ ላይ የሚኖሩ ቢሆኑ ነው እንጂ።» ከዚያ «ልጁ አግብቷል» አሉ። «ያለ አባት ፈቃድ ስላገባ ነው ደብዳቤ ያቆመው። አፍሮ ነው።»

በእግዚአብሔር ስም፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ነገሩን ወደፊትም ወደኋላም አገላብጬ አየሁት፤ እንከን አጣሁለት። አልመለሰም እንጂ አልጠፋም፤ አልጻፈም እንጂ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ጋሼ ጴጥሮስ ከብዙ ወር በኋላ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው። አውቶብስ ላይ ስንመለስ አጠገባችን ለተቀመጠች ለማናውቃት ሴት «ልጄ አግብቶ» አሏት። ሴትዮዋም «እንኳን ደስ አለዎት» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ጋሼ ጴጥሮስ ለምራታቸው የሀበሻ ቀሚስ መስፋት ጀመሩ። ልኬቷን ከየት ያምጡት? እኔን ጠየቁኝ።

«ቀጭን ትመስልሃለች ወፍራም?»

«ጋሼ ጴጥሮስ፣ እኔ እኮ ድምፅዋን እንኳ አልሰማሁም። የሰማነው ጠባቂዋን ነው።»

«ቢሆንም ቋንቋቸውን ትማራለህ። ሴቶቻቸው እንዴት ናቸው?»

እኔ የማውቃት ሩሲያዊት ሊዲያ ብቻ ነበረች። ቁመቷን በእጄ እስከ ቅንድቤ አሳየኋቸው። እሳቸውም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቅንድቤን በአንክሮ አዩና ጨርቁን ቆረጡ። «ትርፉን ውስጥ ሰፋ አድርጌ እተዋለሁ» አሉ። «ወፍራም ከሆነች ይለቀቅላታል።»

ሰፈሩ ሰማ። የሰማው ሁሉ መጥቶ ቀሚሱን ይዳስሳል። ከሁሉም በላይ ግን የሰማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተካ ነው። ጓድ ተካና ጋሼ ጴጥሮስ ዱሮ አይዋደዱም ነበር። ጋሼ ጴጥሮስ ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር እሑድ እሑድ ጥቂት አማኞች ቤታቸው ተሰብስበው በሹክሹክታ ይዘምራሉ፤ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ደግሞ ጋሼ ጴጥሮስ ጨርቅ የሌለበትን ስፌት መኪና ይረግጣሉ። ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ስሰማ መዝሙሩ ከፍ ሲል መርገጫው ይፈጥናል፣ ጸሎት ሲሆን ይዘገያል። ጓድ ተካም መስኮቱ ሥር እየቆመ በሰንበት ይህን ያህል ካኪ የሚሰፋው ለየትኛው ጦር እንደሆነ ያስብ ነበር። እኔ የእምነታቸው ሰው ባልሆንም፣ አንድ ቀን ይዟቸው እንዳይሄድ እፈራላቸው ነበር።

የምራቷን ወሬ እንደሰማ ግን ጓድ ተካ በፊት ለፊቱ በር፣ ቆቡን አውልቆ መጣ።

«ጓድ ጴጥሮስ፣ ለካ ከታላቂቱ ወዳጅ አገር ጋር ተጋብተዋል» አለ።

«እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ።

ጓድ ተካ የመጨረሻውን እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። «የምራትዎን ፎቶግራፍ ሲያገኙ ለእኛም ይስጡን። በሰሌዳችን ላይ እንለጥፈዋለን።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ መስኮቱ ሥር የሚቆም ጠፋ። መዝሙሩ ቀስ በቀስ ድምፅ አወጣ። አንድ እሑድ ስፌት መኪናው ጨርሶ ዝም አለና ሰው ብቻ ሲዘምር ሰማሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ እኔም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸ ሁሉ የመጣው ከአንዲት አጭር የሩሲያኛ ጥያቄ መሆኑን ሳስብ ለቋንቋ ትምህርት ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ወደ ክፍል አስቀድሜ መሄድ ጀመርኩ።

ነገሩ የተበላሸው ክፍል ውስጥ ነው። ዝናብ የሚጥልበት የሰኔ ቀን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ቀርቷል። ሊዲያ ባዶውን ወንበር አየችና ትምህርት ልታደርገው አሰበች። ወደ ወንበሩ እያመለከተች፣

«ግዴ ቴዎድሮስ?» አለችን።

እኛ ዝም። ራሷ መለሰችው።

«ቴዎድሮሳ ኔት።»

 እጄን አነሣሁ፤ «ቴዎድሮሳ ማናት?» አልኳት በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ በእጇም በአፏም አስረዳች። በሩሲያኛ ሰው ሲኖር ስሙ እንዳለ ይጠራል። ሲታጣ ግን መጨረሻው ይለወጣል። ቴዎድሮስ ከመጣ ቴዎድሮስ ነው። ካልመጣ፣ የለም ሲባል፣ ቴዎድሮሳ ይሆናል። ኢቫን ከሌለ ኢቫና፣ ወንበሩ ላይ ያ ልጅ ከሌለ ቴዎድሮሳ። ተማሪዎቹ የቀሩ ጓደኞቻቸውን ስም እየጠሩ መጫወት ጀመሩ። እኔ መስኮቱን አያለሁ። ሲሞና የምትባል ሴት ዓለም ላይ አልነበረችም። አሮጊቷ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ፣ የነገረችን «ስምዖን የለም» ብላ ነው።

ክፍሉ ሲበተን ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሊዲያ ሰሌዳውን እያጠፋች «ምን ሆነሃል?» የሚል ፊት አሳየችኝ። ስለ ጋሼ ጴጥሮስ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቀሚሱ በዚያች በተሰበረች እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። ስጀምር ልትስቅ ነበር፤ የትም ቦታ የሚያስቅ ታሪክ ነው። ጠባቂዋ ድምፅዋን ዝቅ እንዳደረገች የነገርኳት ጊዜ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ነገ» አለችኝ በአማርኛ። «እኔ፣ ስልክ።»

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስልክ ቤት ወሰድኳት። ለጋሼ ጴጥሮስ አልነገርኳቸውም። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የገባችው እሷ ናት፤ እኔ በመስተዋቱ አያታለሁ። ብዙ አልተናገረችም። ትሰማለች፣ «ዳ»፣ አዎ፣ ትላለች፣ ትሰማለች። አንድ ጊዜ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትወጣ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ የምረዳውን ቃል እየመረጠች፣ ለጀማሪ ተማሪ በሚሆን ሩሲያኛ ነገረችኝ።

«ሲሞን ብል ስቱዴንት» አለች። ስቱዴንት ተማሪ ነው። ብል የሚለውን ቃል ግን ገና አልደረስንበትም። እንዳልገባኝ አየች። አውራ ጣቷን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባዋ አመለከተች። «ሲሞን… ብል።»

ገባኝ። «ነው» የሌለው ቋንቋ «ነበር» አለው።

የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ባለፈው የብርድ ወራት ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ይሻለዋል ሲባል ባሰበት። ጓደኞቹ እዚያው ከተማ ቀበሩት። ለአገሩ ይነገር ተብሎ ወረቀት ተልኳል፤ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ጠባቂዋ ልጁን ትወደው እንደነበር፣ ቀደም ብለን የደወልን ጊዜ ይህን ሁሉ እንደነገረችንና ስላልተረዳናት እስከ ዛሬ እንደምታዝን ለሊዲያ ነግራታለች። ሁለታችንም እዚያ ወንበር ላይ ሰው እየገባ ሲወጣ ተቀመጥን። ጎናችን አንድ ሰውዬ በስልክ ስለ በግ ይጮኻል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለጸሎት ወንድሞቻቸው ነገርኩ፤ እነሱም በማግስቱ ማልደን እንሂድ አሉ። ሊዲያ እኔም እመጣለሁ አለች። አይሆንም፣ ልማዱን አታውቂውም ብላት እንቢ አለች። ጎህ ሲቀድ ከመንገዱ ዳር ጠበቀችን፤ ጥቁር ሻርፕ በራሷ ላይ አስራለች። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ ከእንጦጦ በኩል የወረደ ጉም ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ሸፍኗቸዋል። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲቀር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አወጣላት። 

እኛ ለማንኳኳት ስንዘጋጅ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ጴጥሮስ ማልደው ይነሣሉ፤ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጣሳ ይዘው መውጣታቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ እኔ ከጎን ነበርን። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ሊዲያ ናት።

ጣሳውን መሬት አስቀመጡት።

«ሲሞና» አሉ።

ጥያቄ አልነበረም። እርጥብ እጃቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ሁለት እጇን ያዟት፣ ጉንጯን ሳሙ፣ ደግመው ሳሙ። «እንዴት በዚህ ጭቃ… እንዴት ሳትነግሩኝ…» እያሉ እኔን አዩኝ። «አንተ ነህ ያመጣሃት።» ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ ዳገቱ መንገድ፣ ወደ ጉሙ ተመለከቱ።

«ሻንጣ ይዞ ኋላ ቀርቶ ነው?» አሉ።

  ዝም ስንላቸው፣ ሊዲያ ያልመለሰችው አማርኛ ስለማትችል መስሏቸው መሰለኝ፣ ወደ እሷ ዞሩና በረንዳው ላይ ስንለማመደው የከረምነውን፣ አሳምረው፣ ቃል በቃል ጠየቋት።

«ግዴ ሲሞን?»

ሊዲያ ይህን ጥያቄ በየትምህርቱ ስትመልስ አይቻታለሁ። መጽሐፍ ሲደበቅ፣ ተማሪ ሲቀር፣ መልሱ ከአፏ አይጠፋም ነበር። ያን ቀን አልመለሰችም። እጃቸውን አልለቀቀችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች፣ እንባዋም ወረደ። ጋሼ ጴጥሮስ ፊቷን አዩ። ጥቁሩን ሻርፕ አዩ። ከዚያ ከኋላዋ የቆሙትን፣ ኮፍያቸውን ያወለቁትን ወንድሞቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ወደ በሩ መቃን ዘንበል ሲሉ የደገፈቻቸው እሷ ናት።

ድንኳን ተተከለ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ቀሚሱን የዳሰሱት ሁሉ መጡ። በሁለተኛው ቀን ጓድ ተካም መጣ። እሱ ድንኳኑ ውስጥ ሳለ ወንድሞች ለመዘመር ተነሡ። ከፊት የተቀመጠውን ሊቀመንበር አይተው አንዳፍታ አመነቱ፤ ከዚያ ዘመሩ፣ ያለ ስፌት መኪና፣ በሙሉ ድምፃቸው። ጓድ ተካ ይነሣል ብለን ጠበቅን። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ሲወጣ የጋሼ ጴጥሮስን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ መስኮቱ ሥር ቆሞ ያየው የለም፤ ስለ ፎቶግራፉም ዳግመኛ አልጠየቀም።

ቀሚሱን ጋሼ ጴጥሮስ ለሊዲያ ሰጧት። ትከሻው ላይ ሰፍቷት ነበር። «ላጥብብልሽ» ቢሏት «አይሆንም» አለች፤ ከገበያ አማርኛዋ ውስጥ አንዱ ይኸ ነው። እንደሰፋት ለበሰችው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በረንዳው ላይ ትቀመጥ ነበር። እሳቸው ይሰፋሉ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፤ የሚግባቡበት ቋንቋ ባይኖራቸውም ሲቸገሩ አይቼ አላውቅም። እኔም ትምህርቱን አላቋረጥኩም። ወደ ውጭ የሚልከኝ አላገኘሁም፣ ከውይይት ክበብ ግን እስከ መጨረሻው አመለጥኩ። ደግሞም ያልገባኝን ነገር ገብቶኛል ማለት ተውኩ፤ በዚህ ምክንያት ቢሮ ውስጥ እድገት አላገኘሁም።

ክረምቱ አልፎ ሊዲያ ለዕረፍት አገሯ ሄዳ ተመለሰች። ተመልሳ በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ከእሷ ከተማ ስምዖን ወዳለበት ድረስ የአንድ ቀን ሙሉ ባቡር ነው፤ ሄዳ ነበር። ጠባቂዋ አሮጊት ራሷ መርታ እንዳደረሰቻት ነገረችኝ። ጋሼ ጴጥሮስ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና ፎቶግራፉን ወደ ብርሃኑ ያዙት። ትንሽ አጥር አለ፣ የብረት ጽሑፍ አለ፣ ከኋላ ደግሞ ግንዳቸው ነጭ የሆነ ቀጫጭን ዛፎች ቆመዋል። ስለ መቃብሩ ምንም አላሉም።

«ይኼ ባሕር ዛፍ ነው?» አሉኝ በጣታቸው እያመለከቱ።

እኔ አዎ ልል ነበር። ከዚያ ሊዲያን ጠየቅኳት። ነገረችኝ።

«አይደለም ጋሼ። በርዮዛ ይሉታል። እኛ አገር የለም።»

«ቅጠሉ ይረግፋል?»

ጠየቅኳት።

«በብርዱ ወራት ሁሉም ይረግፋል ነው የምትለው።»

ፎቶግራፉን ለብዙ ጊዜ አዩት።

«መልሶስ ያወጣል?»

ይህን ለመጠየቅ ቃሉን አጥቼ በእጄ አሳየኋት፤ ጣቶቼን አጥፌ ቀስ እያልኩ ዘረጋኋቸው። ሊዲያ ወዲያው ገባት። መልሷን እኔን ሳትጠብቅ ለእሳቸው ነገረቻቸው፣ ራሷን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቀች።

«ያወጣል» አልኩ እኔም።

«ጥሩ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ። ፎቶግራፉን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እግራቸውን መርገጫው ላይ አደረጉ።